ለቅሶ ቤት ያጡ ሐዘንተኞች፦ የወጣት ወዳጅ ድንገተኛ ሞትና የከተማ ለቅሷችን

አንድ ወጣት በድንገት ሲሞት ሐዘኑ አስቀድሞ የወላጆቹና የእኅት ወንድሞቹ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ከእነርሱ ወዲያ ግን ብዙ ሰው አለ፦ አጠገቡ ተቀምጦ የሚሠራ ባልደረባ፣ በዩኒቨርሲቲ ዶርም የተጋራው፣ ጠዋት ጠዋት በታክሲ ሰልፍ የሚያገኘው ጎረቤት፣ በየሳምንቱ ኳስ አብሮት የሚጫወት። እነዚህ ዘመድ አይደሉም፤ ባዳም አይደሉም። ስለ ሟቹ የሚያውቁት ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ግን የየዕለቱ ኑሮው ነው። ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው የእነርሱ ሐዘን ቦታው የት ነው ብሎ ነው። የከተማ ለቅሷችን በትውውቅ ብቻ ለሚያዝን ሰው ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ኖሯል። ቦታውን የሰጠው ግን በቤተሰብ ደጃፍ በኩል ነው። ስለዚህ የራሱን ጎጆ ያልወጣ ወጣት ሲሞት ወዳጆቹ የሚደርሱበት ደጃፍ ያጣሉ።

ሐዘን በስሜትና በግዴታ መካከል

የሐዘን ጥናት አዘውትሮ የሚነሣው ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጽሑፍ ነው። ለፍሮይድ ሐዘን በሰውየው ውስጥ የሚካሄድ ሥራ ነው፤ ሐዘንተኛው ካጣው ሰው ጋር የተሳሰረበትን ፍቅር ትዝታ በትዝታ እየፈታ ይላቀቃል። ኤሚል ዱርኬም ከእርሱ 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሃይማኖት ጥናቱ፣ ነገሩን ከሌላ ጫፍ ይዞት ነበር። እንደ ዱርኬም ለቅሶ ማኅበረሰቡ በአባላቱ ላይ የሚጥለው ግዴታ ነው፤ ሰው የሚያለቅሰው ስላዘነ ብቻ ሳይሆን ማልቀስ ስላለበትም ጭምር ነው።

የእኛን ለቅሶ የሚያውቅ አንባቢ ወደ ዱርኬም ቢያጋድል አያስገርምም። ጎረቤቱ ሟቹን ምን ያህል ይወደው እንደነበር ማንም አይመረምረውም፤ የሚታየው መድረሱና መቅረቱ ነው። በእድር ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ከውጭ ለሚያየው ሥርዓቱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። በትውውቅ ብቻ ለሚያዝን ሰው ግን ትልቅ ዕረፍት አለው፤ የሐዘኑን መጠን ማንንም ሳያስረዳ መቀመጥ ይችላል። አሜሪካዊው ኬኔት ዶካ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዕውቅና የተነፈገ ሐዘን ያለው ችግር አለ፤ በአካባቢው «አንተ ደግሞ ምኑ ነህ?» የሚባለው ሰው ሐዘን ነው። ይህ ችግር ድንኳን ውስጥ በእጅጉ ይቀላል። ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ የሚዘግን ሰው ዝምድናው አይጠየቅም።

ለድንገተኛ ሞትም ሥርዓቱ መርዶ የሚባል ጥበብ አለው። አርጂዎቹ አስቀድመው ይመካከራሉ፤ ጎረቤትና ሽማግሌ ይዘው ገና ሳይነጋ ከበር ይደርሳሉ። ወሬውና ደግፎ የሚይዝ ሰው አብረው እንዲገቡ ተደርጎ የታሰበ ነው። ይህ ጥንቃቄ ግን የሚደረገው ለዘመድ ነው። ባልደረባው የሚረዳው በቴሌግራም ከተለጠፈ ፎቶግራፍ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ተሳፍሮ ወይም ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሳለ። ሟቹ ትናንት የላከለት መልእክት ገና አልተመለሰም።

ከእድር መዝገብ ውጭ

እድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአዲስ አበባ መስፋፋት ጋር አብሮ ያደገ ተቋም ነው። ከየአገሩ የመጣውን ሰው ዘመዱ በሌለበት ከተማ ቀባሪ እንዳያጣ አድርጎታል። አባልነቱ ግን ባመዛኙ በቤተሰብ ነው፤ መዋጮው በአባወራ ወይም በእማወራ ስም ይገባል፣ መብቱም ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅና ለወላጅ ይደርሳል። የ25 ዓመቱ ተከራይ ብዙውን ጊዜ በዚህ መዝገብ የለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ይኖራል፤ ኪራይ ሲጨመርበት ሰፈር ይቀይራል፤ የወላጆቹ እድር ደሴ ወይም ሶዶ ነው። ሲሞት አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቀዬው ይሸኛል። ድንኳኑ እዚያ ይጣላል፤ ክርስቲያን ከሆነ ሰልስቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ፣ ሙስሊም ከሆነ ተዕዚያውና ዱዓው እዚያ ይሆናል። አብረውት የኖሩት ልጆች ልብሱን በሻንጣ አጥፈው ይልካሉ፤ የቤቱን ኪራይ ለሁለት ይካፈላሉ። መሥሪያ ቤቱ መዋጮ ሰብስቦ ተወካይ ይልክና ሥራው ይቀጥላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ዘንድ ነገሩ ይብሳል፤ የጓደኛዋ አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲሸኝ ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ መሰናበት የማትችል ብዙ ናት።

ሮበርት ሄርትዝ በ1907 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሞት ጥናቱ ማኅበረሰብ ለሁሉም ሞት እኩል እንደማይናወጥ ጽፏል፤ የአለቃ ሞት ሁሉን ሲያሸብር የባዕድና የሕፃን ሞት እምብዛም ሳይስተዋል ያልፋል። ይህ ሐሳብ ለእኛ በግማሽ ብቻ ይሠራል። ለቅሷችን ለወጣት ይበረታል እንጂ አይቀልም፤ ወላጁን ሊጦርና ሊቀብር ሲገባው ወላጁ ቀብሮታልና። ሙሾው ግን በአመዛኙ የሚያነሣው ያልታየውን ሠርግ፣ ያልተወለደውን ልጅና ጧሪ ያጣችውን እናት ነው። ባልደረቦቹ የሚያውቁት ሰው፣ ቀልደኛው፣ ለተቸገረ ፈጥኖ ደራሹ፣ ሪፖርት ሁልጊዜ የሚያዘገየው፣ በሙሾው ውስጥ የለም። እናቱ የምታለቅስለትንና እነርሱ የሚያዝኑለትን ሰው የሚያገናኝ መድረክ ስለሌለ ሁለቱም ወገን ልጁን በግማሽ ይሸኘዋል።

የባልደረቦች ለቅሶ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ሞቱ። ዋናው አብራሪ የ29፣ ረዳቱ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ከሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል 17 ባዶ የሬሳ ሣጥኖች በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍነው ቀብር ተፈጸመ፤ ለቤተሰብ የተሰጠው ከአደጋው ሥፍራ የተዘገነ አፈር ነበር። በዚያ ሰሞን የአየር መንገዱ ባልደረቦችም በአደባባይ አለቀሱ፤ ማንም የሟቾቹ ምን እንደሆኑ አልጠየቃቸውም። ይህን ዕድል ያገኙት ግን አደጋው የአገር ሐዘን ስለነበረ ነው። በመኪና አደጋ ወይም በአንድ ሌሊት ሕመም ለሚሞት ወጣት ባልደረቦች አደባባይ አይከፈትላቸውም።

የሄርትዝ የራሱ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ስለ ሞት የጻፈው ይህ ሰው በ1915 እ.ኤ.አ. በ33 ዓመቱ ጦር ሜዳ ወደቀ። የሙያ ባልደረባው ማርሴል ሞስ ተበታትነው የነበሩ ጽሑፎቹ ተሰብስበው በ1928 እ.ኤ.አ. በአንድ ጥራዝ እንዲወጡ ደከመ። ባልደረባ ለባልደረባው የሚያለቅሰው ለቅሶ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ሟቹ በሥራው መካከል ማን እንደነበር መመስከር ነው። ዴኒስ ክላስና ተባባሪዎቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥራዝ ከፍሮይድ ተለይተው የተከራከሩትም ከዚህ ጋር ይስማማል፦ ሐዘንተኛ ከሟች ጋር ያለውን ትስስር ቅርጹን ለውጦ ቢይዘው ጤና እንጂ ሕመም አይደለም።

የጓደኞች ሐዘን ከቤተሰቡ ሐዘን ጋር ይፎካከራል የሚል ሥጋት ይነሣል። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ቤተሰቡ ሳይረዳ ፎቶግራፍ የሚለጥፉ አሉ። ይህን የሚያርመው ግን ቅደም ተከተል ነው እንጂ ዝምታ አይደለም። ዝም የተባለ ወዳጅ አንድም ሐዘኑን ያፍናል፣ አንድም በማኅበራዊ ሚዲያ ያፈስሰዋል። ወደ ሐኪም ቤት መላክም የመጀመሪያው መልስ ሊሆን አይችልም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያ እንኳ የተራዘመ ሐዘንን በአዋቂ ላይ እንደ ሕመም የሚቆጥረው ቢያንስ 12 ወር ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያው የሚያስፈልገው የሚቀመጡበት ቦታና አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ወጣት ሲሞትባቸው ወሬውን በስልክ መልእክት ከመበተናቸው በፊት ሠራተኛውን ወይም ተማሪውን ሰብስበው ያርዱ፤ አስከሬኑ ወደ አገሩ ከተሸኘ በኋላም ሟቹ በኖረበት ከተማ ለአንድ ቀን ለቅሶ መቀመጫ ያዘጋጁ። ባልደረቦች ስለ ልጁ የሚያውቁትን ጽፈው ከመዋጮው ጋር ለወላጆቹ ይላኩ። እድሮች ደግሞ ያላገባውን ተከራይ በራሱ ስም ይመዝግቡ፤ ትናንት ዘመድ የሌለውን እንግዳ ቀባሪ እንዳላሳጡት ሁሉ ዛሬም ቤት ያልመሠረተውን ወጣትና ወዳጆቹን ከድንኳናቸው ውጭ ማስቀረት የለባቸውም።