ድምፅ መስጠት እና ድምፅ ማሰማት

«አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ከማታ ዜና ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አብራን ያደገች ናት። ግን አንዴ ቆም ብላችሁ ስሟት። በአማርኛ ድምፅ ሁለት ነገር ነው። ከአፍ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ ለድጋፍ ወይም ለተቃውሞ የሚወጣው እጅም ድምፅ ነው። ስለዚህ አዳራሽ ሙሉ ሰው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ እጁን አውጥቶ ቢወርድ «ሙሉ ድምፅ» ይባላል።

የአንድን የፓርላማ አባል ሥራ ለመመዘን ስንነሳ የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱን ድምፆች እናደባልቃቸዋለን፤ ለይተን ስናያቸው ደግሞ ወዲያው ወደ መቁጠር እንሄዳለን። ስንት ጊዜ ተናገረ? ስንት ቀን ቀረ? እንደኔ ቀኑን ሙሉ ዳታ ላይ ለሚውል ሰው ቁጥር ደስ ይላል። ሰንጠረዥ ይሆናል፣ ደረጃ ይወጣበታል፣ በቃ አለቀ።

ይኼ በሌላ አገር ተሞክሯል። እንግሊዝ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመሩት «ዜይ ዎርክ ፎር ዩ» የሚባል ድረ ገጽ አለ። ሀንሳርድ የሚባለውን የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ እየበተነ፣ እያንዳንዱ እንደራሴ ምን እንደተናገረና እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በየስሙ ያስቀምጣል። ግሩም ሥራ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በአደባባይ ሲወጣ ምን ሆነ? በ2006 እ.ኤ.አ. አንዳንድ እንደራሴዎች ቁጥራቸው ከፍ እንዲል አጫጭር ንግግር ማብዛት ጀምረዋል የሚል ዘገባ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ድረ ገጹ ራሱ ቁጥር ጥራትን አይለካም ብሎ ያስጠነቅቃል። የገበያ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የሚከፈለው ለክብደት ብቻ ከሆነ በርበሬው ላይ ውሃ የሚረጭ አይጠፋም።

እኛ ጋ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አቶ ግርማ ሰይፉን ውሰዱ። በ2002 ምርጫ 547 መቀመጫ ባለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከተቃዋሚ ፓርቲ ያሸነፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ የግል ተወዳዳሪም ገብተዋል፤ የቀረው ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ነው። የእሳቸውን ንግግር ብንቆጥር ምን እናውቃለን? ብዙም ሆነ ጥቂት፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከምክር ቤቱ ሰዓት ስንት ደቂቃ ተሰጣቸው የሚለው ነው። አካፋዩ ሳይታወቅ ቁጥሩ ብቻውን ባዶ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ዜና ላይ «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ሲባል ይሰማ ነበር። ያቺ «አንድ» ሕግ አላስቆመችም። ነገር ግን ለሌሎቹ ድምፆች ትርጉም ሰጥታቸዋለች፤ «አዎ» ክብደት የሚኖረው «አይ» ማለት በሚቻልበት ቤት ነው እኮ። ሰኔ 2005 ላይ ምክር ቤቱ የናይል ተፋሰስ አገሮችን የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቅ፣ ያ ሙሉነት ይበልጥ የሚታመነው ቤቱ ውስጥ ተቃውሞ የሚመጣበት ወንበር ስለነበረ ነው። ከ2007 ምርጫ በኋላ ግን 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። ዜናው ላይ ያለው ሐረግ ያው «በሙሉ ድምፅ» ነው፤ ክብደቱ ግን ሄደ።

ኮድ የሚጽፍ ሁሉ የሚያውቃት አንድ ልዩነት አለች፤ ዜሮ እና «ናል» አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት ቆጠርኩ፣ ምንም አላገኘሁም ማለት ነው። ናል ማለት ግን መጀመሪያውኑ የሚቆጠር ነገር የለም ማለት ነው።

የሕንዱ የክሪኬት ኮከብ ሳቺን ቴንዱልካር በ2012 እ.ኤ.አ. የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተሾመ። ስብሰባ ላይ የተገኘባቸው ቀናት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ፤ ለአምስት ዓመት ክርክር ላይ አልተናገረም። ይኼ ዜሮ ነው። ወንበሩም ማይኩም ነበሩለት። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. በመጨረሻ ስለ ልጆች የመጫወት መብት ሊናገር ሲነሳ ደግሞ የተቃዋሚዎች ጩኸት አላስወራ አለው፤ በማግሥቱ ንግግሩን ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ያ ቀን ከዜሮ ጋር አብሮ ሊደመር አይገባም። ለቆጣሪው ግን ሁለቱም ዝምታዎች አንድ ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን። አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2013 ምርጫ ገብተው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። በ2015 ክረምት ታሰሩ። እስር ላይ ባሉበት ጊዜ በስማቸው የተመዘገበ ንግግር ባይኖር፣ ያ ዜሮ ነው ወይስ ናል? ይህን የማይለይ ደረጃ አውጪ፣ ቀርቶ የተኛውንና እንዳይመጣ የተደረገውን አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ስህተት ብቻ አይደለም፤ ግፍም ነው።

ታዲያ እንተወው? አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ፣ መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበት ተወካይ በሕግ መሠረት ከምክር ቤት አባልነቱ ሊወገድ ይችላል ይላል። አንቀጽ 58 ደግሞ የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ግልጽ ነው ይላል። እነዚህ ሁለቱ ተያይዘው ነው ትርጉም የሚኖራቸው፤ ምን እንደተናገረ ያላነበብኩትን ሰው በምን ላይ ተመሥርቼ አምናለሁ ወይም አመኔታ አጣለሁ? የሚያስፈልገን የደረጃ ሰንጠረዥ አይደለም። ቃለ ጉባኤው ራሱ ነው፦ ሙሉ ቃሉ፣ በየስሙ፣ ስልክ ላይ ሊፈለግ በሚችል መልኩ። ማን ዕድል ጠይቆ ማን እንደተከለከለ፣ ማን ለምን እንደቀረ፣ የማን እጅ ለምን እንደወጣ።

ሥራው ግን በእነሱ በኩል ብቻ የሚቀር አይደለም። የምርጫ ክልላችሁን ተወካይ ስም ታውቃላችሁ? እኔ ይህን መጻፍ ስጀምር አላውቅም ነበር። እንዳላውቅ የከለከለኝ ሰው የለም። ያ የራሴ ዜሮ ነው።