ከማሽን ጋር የተደረገ ቼዝ በምን ይመዘናል?

አብነት ሰፈር ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ በስልኩ ቼዝ የሚጫወት ወጣት ዛሬ ከዓለም ሻምፒዮን የሚበረታ ማሽን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ሰው ከማሽን የገጠመበትን ጨዋታ ስታዩ ማን እንዳሸነፈ ከመጠየቃችሁ በፊት ቦርዱ ለማን እንደተመቸ ጠይቁ። አባቶቻችንም በባህላዊው ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ድልን ብቻ አይቆጥሩም ነበር። ንጉሥን በደር (በግንቡ) ወይም በፈረስ መግደል እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ በፊል (በዝሆኑ) እና በመደቅ (በወታደሩ) ተባብሮ መግደል ግን ያስከብር ነበር።

መጀመሪያ ወታደሮቹን ተመልከቱ፤ መስመሩ መከፈቱን ወይም መዘጋቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉ የተባለ ማሽን በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ ይመረምር ነበር። መስመሩ ከተከፈተና ጦሩ ከተደባለቀ በስሌት የሚደርስበት ሰው የለም። ካስፓሮቭ በዚያው ግጥሚያ በሦስተኛው ጨዋታ በዲ3 የጀመረው ማሽኑን ከተጠና መክፈቻ ለማስወጣት ነበር፤ አቻ ወጣ። ይህን እኔ ሽሽት እለዋለሁ፤ ጥበብ አልለውም።

ጥበቡ የታየው እ.ኤ.አ. በ2003 ኒውዮርክ ላይ፣ ኤክስ ስሪ ዲ ፍሪትዝ ከተባለ ማሽን ጋር ባደረገው ሦስተኛ ጨዋታ ነው። ወታደሮቹን ሲ5 እና ቢ5 አድርሶ በ12ኛው እርምጃ ቢ6 ሲገፋ የንግሥቲቱ ወገን ተቆለፈ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚያሰላው አጣ። ጳጳሱን ዲ6 አወጣው፤ ወዲያው ወደነበረበት መለሰው። ካስፓሮቭ ግን በ16ኛው እርምጃ የኤ5ን ወታደር በፈረስ በላ፤ ንጉሡንም ሳይቸኩል በእግሩ ወደ ቢ2 ወሰደው። ማሽኑ በጥቂት እርምጃ ውስጥ የሚገኝ ጥቅም ይፈልጋል፤ ሰውየው ከሃያ እርምጃ በኋላ ለሚመጣው ይዘጋጃል። በ45ኛው እርምጃ የፍሪትዝ ሰዎች እጅ ሰጡ።

ትዕግሥት ብቻውን ግን አይበቃም። ታዋቂው ተጫዋች ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2008 ሪብካ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም በኢንተርኔት ፈጣን ጨዋታ በ271 እርምጃ ሲረታ፣ ማሽኑ በሃምሳ እርምጃ ሕግ (ሃምሳ እርምጃ ሳይበላና ወታደር ሳይነቃነቅ ካለፈ አቻ በሚያደርገው ሕግ) አቻ ላለመውጣት ሲል የተዘጋውን ቦታ ራሱ አፈረሰው። ጽናቱን አደንቃለሁ፤ ከካስፓሮቭ ጨዋታ ጎን ግን አላስቀምጠውም። ካስፓሮቭ የተቃዋሚውን ስህተት ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ እቅዱን ደረጃ በደረጃ ገነባ።

የዛሬዎቹ ማሽኖች የተዘጋ ቦታም ያውቃሉ፤ በዚህ ዘዴ በቀላሉ አይያዙም። ሰው በማሽን ላይ ካደረጋቸው ጨዋታዎች ግን ይህን የካስፓሮቭና የፍሪትዝ ጨዋታ የሚበልጥ አላየሁም። ቦርድ ዘርጉና ከ12ኛው እርምጃ ጀምራችሁ በእጃችሁ ተጫወቱት።