ስያሜዎቹ ጉምቦ ሲደርሱ፦ በንግግር እንግሊዝኛና በማኅበረ ልሳን ጥናት ቁልፍ ቃላት ላይ ሂሳዊ ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. በ1928 በነጭ ዓባይ ዳር፣ ረጃፍ ላይ አንድ የቋንቋ ጉባኤ ተቀመጠ። የቅኝ አስተዳዳሪዎችና ሚሲዮናውያን ከሱዳንም ከጎረቤት ግዛቶችም መጥተው ነበር። የቋንቋ አማካሪያቸው ጀርመናዊው ዲድሪሽ ቬስተርማን ነበር። ጉባኤው ዲንካን፣ ባሪን፣ ኑዌርን፣ ሺሉክን፣ ላቱኮንና ዛንዴን የመሳሰሉትን ለትምህርትና ለመጽሐፍ የሚበቁ ብሎ መረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው «የደቡብ ፖሊሲ» ደግሞ ዓረብኛን ከደቡቡ አርቆ፣ በአካባቢ ቋንቋ የማይግባባ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲግባባ ወጠነ። የዛሬዋ ጉምቦ በዚያው በረጃፍ አስተዳደር ሥር፣ ከወንዙ ምሥራቅ ያለች የጁባ ዳርቻ ናት። ባሪዎች የቦታው ባለቤቶች ናቸው፤ ቋንቋቸውም አለ። መንደሯን የሚያግባባት ግን ፖሊሲው ሊያርቀው የፈለገው የዓረብኛ ልጅ፣ ጁባ ዓረብኛ ነው።

ይህን ማንሳቴ ቅኝ ገዥዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ ያ ሥራ በሌሎች በሚገባ ተሠርቷል። የእኔ ክርክር ስለ ጥናት ቃላት ነው። በየዩኒቨርሲቲው የንግግር እንግሊዝኛና የማኅበረ ልሳን ኮርሶች የሚሰጡት ቁልፍ ቃላት ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን ቋንቋን ድንበር ያለው ነገር አድርጎ ይሰይማል። ሌላው ሰዎች ሲነጋገሩ የሚያደርጉትን ይሰይማል። ጉምቦ ላይ የመጀመሪያው ይሰናከላል፣ ሁለተኛው ይራመዳል። ሥልጣን ያለበት በር ሲደረስ ግን የተሰናከለው ተመልሶ ይቆማል፤ የቅርብ ጊዜ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው።

ከጁባ ወደ ኡጋንዳ ድንበር የሚወርደው 192 ኪሎ ሜትር የኒሙሌ አስፋልት የሚያልፈው በጉምቦ ነው። በመንገዱ የኬንያና የኡጋንዳ ከባድ መኪኖች ይገባሉ። የሞተር ብስክሌት ታክሲው ቦዳ ቦዳም ከነስሙ በዚያው አቅጣጫ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 የሰላም ስምምነት በኋላ ወደ ጁባ የጎረፉት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በበኩላቸው ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅና የውሃ ቦቴ ይዘው ገቡ። ስለዚህ እንግሊዝኛው ራሱ አንድ አይደለም። በኬንያው የስደተኞች ካምፕ በካኩማ ወይም በኡጋንዳ ተምሮ የተመለሰው ወጣት የምሥራቅ አፍሪካውን እንግሊዝኛ ይናገራል። ካርቱም የተማረው፣ ደቡብ ሱዳኖች «የዓረብኛ ፓተርን» የሚሉት ትምህርት ውስጥ ያለፈው፣ እንግሊዝኛን ያገኘው ዘግይቶ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማረበትን፣ ግን ብዙም ያልተነጋገረበትን እንግሊዝኛ ይዞ ይመጣል። ብራጅ ካችሩ እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝኛን በውስጠኛ፣ በውጪያዊና በተስፋፊ ክበብ ሲከፍል ሦስቱም ተናጋሪዎች አንድ ባንኮኒ ላይ እጃቸውን ያሳርፋሉ ብሎ አላሰበም። ክበቦቹ አገርን እንጂ ሰውን አይመድቡም፤ ከዚህ በላይ አልቆይባቸውም።

ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ዳይግሎሲያ ነው። ቻርልስ ፈርግሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ማኅበረሰብ የአንድ ቋንቋ ሁለት መልኮችን፣ ላይኛውን ለስብከትና ለመጽሐፍ፣ ታችኛውን ለቤትና ለገበያ፣ ከፋፍሎ እንደሚይዝ አሳየ። ከአራቱ ምሳሌዎቹ አንዱ ዓረብኛ ነበር። ጁባ ዓረብኛ ግን ከዚያ ሥዕል ወጥቷል። የበቀለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቱርክና የግብፅ ጦር ሰፈሮች ውስጥ፣ የተለያየ አፍ ያላቸው ወታደሮች፣ ባሮችና ነጋዴዎች በተቀላቀሉበት ነው። የግብፅ መንግሥት በአካባቢው የሾመው የኤሚን ፓሻ ወታደሮች ወደ ኡጋንዳ ይዘውት የወረዱት ወንድሙ ዛሬ ኑቢ ይባላል። ሰዋስዉ ቀላል አይደለም፣ ሌላ ነው። አማርኛ እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ይሄዳል እያለ ግሱን በሰው ሲያጥፍ፣ ጁባ ዓረብኛ «አና ጊ ሩዋ፣ ኢታ ጊ ሩዋ፣ ኡዎ ጊ ሩዋ» ብሎ ግሱን ሳይነካ ያልፋል። የዚህ ቋንቋ ላይኛ መልክ የቁርዓን ዓረብኛ ነው የሚል ጉምቦ ላይ አይገኝም። ላይኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው እንግሊዝኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት ለደቡቡ ዋና ቋንቋ፣ የ2011ዱ የሽግግር ሕገ መንግሥት ደግሞ የሥራና የትምህርት ቋንቋ አድርጎታል። ጆሹዋ ፊሽማን እ.ኤ.አ. በ1967 ስያሜውን ዝምድና ለሌላቸው ቋንቋዎች ስላሰፋው ችግሩ የተፈታ ይመስላል። አልተፈታም። ባሪን የት እናስቀምጠው? አማርኛንስ? ሁለት ደርብ ብቻ ያለው ቤት ለአራት ቤተሰብ አይበቃም።

ፈርግሰን ኢትዮጵያን በቅርብ ያውቅ ነበር። እሱ፣ ቤንደር፣ ቦወንና ኩፐር ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው «ቋንቋ በኢትዮጵያ» ዛሬም የመስኩ መነሻ ነው። እንደ እኔ ከዳይግሎሲያ ይልቅ ለጉምቦ የሚጠቅመው የዚያ መጽሐፍ መንፈስ ነው፤ ቋንቋን በየገበያውና በየፋብሪካው ሄዶ መስማት።

እንስማ እንግዲህ። ስኳር ፈላጊው የአንድ ኢትዮጵያዊ ሱቅ ገብቶ «ሱከር ፊ?» (ስኳር አለ?) ይላል እንበል። ባለሱቁ «ፊ» (አለ) ይለዋል። ዋጋውን በእንግሊዝኛ ይጠራል፣ ዞር ብሎ ለረዳቱ «ሁለት ኪሎ መዝንለት» ይላል። ይሄኔ ደንበኛው «ወንድሜ፣ ቀንስልን እንጂ!» ብሎ በአማርኛ ይከራከራል። ደንበኛው አማርኛ መቻሉ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጦርነት በኢታንግ የስደተኞች ካምፕና በጋምቤላ ያደጉ፣ አዲስ አበባ የተማሩ ደቡብ ሱዳናውያን ብዙ ናቸው፤ አማርኛቸውም የሚያኮራ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ይህን ኮድ መቀያየር ብሎ በቁጥሩ ወደ እንግሊዝኛ፣ በክርክሩ ወደ አማርኛ ያለውን ዝላይ ያሰምርበታል። ጆን ገምፐርዝ ያስተማረን ግን ዝላዩ ትርጉም እንዳለው ነው። «ወንድሜ» የተባለው ቃል ዋጋን ሳይሆን ዝምድናን ነው የሚጠራው፤ ባለሱቁም ቢያንስ በዚያ ቅጽበት ነጋዴነቱን ትቶ አገር ቤት ይገባል። የሃዋርድ ጋይልስ የመላመድ ጽንሰ ሐሳብ እዚህ ላይ ከኮድ ይልቅ ብዙ ያስረዳል፤ ተናጋሪው አፉን ወደ ሰሚው ያስጠጋል፣ ወይም ሆን ብሎ ያርቃል።

የንግግር እንግሊዝኛ ጥናት ያስገኛቸው ቃላት ጉልበታቸው የሚታየው ከዚህ በታች፣ ከቋንቋ ስም በታች ነው። ሳክስ፣ ሼግሎፍና ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1974 የተራ አወሳሰድን ሕግ ሲያወጡ፣ ሰላምታ ከመልሱ ጋር ጥንድ ሆኖ እንደሚቆም አሳዩ። እንግሊዝኛ የሚያስተምረው መጽሐፍም «እንዴት ነህ?» እና «ደህና ነኝ» ብሎ ጥንዱን ዘግቶ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ጉምቦ ላይ ግን እንግሊዝኛው እንኳ አይዘጋም። የእኛ ሰው ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ሥራስ እያለ እንደሚደጋግመው ሁሉ፣ ጁባ ዓረብኛ ተናጋሪውም «ኬፍ? ክዌስ? ታማም?» ይደራርባል። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ሲገናኙ ቃላቱ የለንደን፣ ርዝመቱ የራሳቸው ይሆናል። ተማሪ በፈተና ላይ ይህን ቢያደርግ መምህሩ «መደጋገም» ብሎ ያርመዋል፤ እርማቱ ስለ እንግሊዝኛ የሚለው ነገር ግን ብዙም የለም።

የሰሚ ምላሽ ደግሞ ከሁሉ ያማረ ማስረጃ ነው። ቪክተር ኢንግቬ እ.ኤ.አ. በ1970 የንግግሩን ተራ ሳይወስድ «ሰምቻለሁ፣ ቀጥል» የሚለውን ጥቃቅን ድምፅ ለይቶ ሰየመው። እንግሊዞች አፍንጫቸው ውስጥ ያጉረመርሙታል። አማርኛ ተናጋሪ ግን አየር ወደ ውስጥ ስቦ፣ ባጭሩ፣ «እ» ይላል። እንዲህ ያለ ወደ ውስጥ የሚሳብ እሺታ በስካንዲኔቪያም አለ፤ የእኛን ለማያውቅ ሰው ግን የደነገጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ይመስለዋል። ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ሲሆን ዓይንና ቅንድብ ያግዙታል። በስልክ ላይ ግን ገዢው «ሄሎ? ሄሎ?» ማለት ይጀምራል፤ መስመር የተቋረጠ መስሎታል። ባለሱቁ እንግሊዝኛ ጎድሎት አይደለም፣ እንግሊዝኛ ሲናገርም እስትንፋሱ አማርኛ ስለሆነ ነው። የትኛውም የሰዋስው ፈተና ይህን አይለካም።

አክብሮትም እንዲሁ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብሎ ሰውን በየመደቡ መጥራት የለመደን ሰው የእንግሊዝኛው አንድ ተውላጠ ስም ባዶ ያስቀረዋል። ስለዚህ ጉድለቱን በ«ማዳም»፣ በ«ቦስ»፣ በ«ፋዘር» ይሞላል። ብራውንና ሌቪንሰን ስለ «ፊት» (በሰው ዘንድ ስላለ ክብር) መጠበቅ የጻፉት ይህን ለማንበብ ይረዳል፤ ምንም እንኳ ፊት የግለሰብ ንብረት ነው የሚለው ግምታቸው ልጅ በአባቱ ስም በሚጠራበት አገር ቢጠብም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በእነ ኦፌሊያ ጋርሲያ የተስፋፋውን የ«ትራንስላንጉዌጂንግ» አስተሳሰብ የሚደግፍ ይመስላል፤ ሰው ያለው አንድ የልሳን ክምችት ነው፣ የቋንቋ ድንበር ፈጠራ ነው ይላል። ለሱቁ ልክ ነው። ግን ያው ባለሱቅ ለንግድ ፈቃድ ወይም ለመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ሲሄድ ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቅጹ ላይ «ወንድሜ» የሚል ሣጥን የለም። ያን ጊዜ እንግሊዝኛ ድንበር አለው፣ በር አለው፣ በሩ ላይ የሚቆም ሰው አለው። ካርቱም የተማረ ደቡብ ሱዳናዊ መምህርም ከነፃነት በኋላ በገዛ አገሩ ክፍል ውስጥ እንግዳ የሆነው በዚሁ ነው። ድንበሩ ፈጠራ ነው ማለት ድንበሩ ላይ ለታገደ ሰው መልስ አይሆንም። ያን ብሎመርት ሰው ይዞት በሚሄደው ክምችት ላይ ከቦታ ቦታ የሚለያየውን ዋጋ መጨመሩ ለዚህ ነው የሚሻለው፤ ባንኮኒ ላይ ውድ የሆነው ልሳን ቢሮ ውስጥ ሳንቲም አያወጣም።

የሚቀረው የመሰብሰቢያ ችግር ነው። ዊልያም ላቦቭ የተመልካች ተቃርኖ ያለው፣ ሰው ሳይታይ እንዴት እንደሚናገር ማወቅ የምንችለው አይተን ብቻ መሆኑ፣ ጉምቦ ላይ በእጥፍ ይከብዳል፤ መቅጃና ደብተር የያዘ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚመለስለት። ኩፐርና ካርፔንተር በኢትዮጵያ ገበያዎች ያደረጉት፣ ሽያጩን እየሰሙ በየትኛው ቋንቋ እንደተካሄደ መመዝገብ፣ የተሻለ መንገድ ነው። ለጉምቦ ግን ሠንጠረዡ መቀየር አለበት። አንድ ሽያጭ አንድ ረድፍ ሳይሆን ሰላምታው፣ ዋጋው፣ ክርክሩና ስንብቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ረድፍ ይኑራቸው። በአምዶቹም ላይ ከቋንቋው ስም ቀድሞ ማን ለማን እንደተናገረ ይጻፍ።