የኮረብታው መንደርና ተመልካቹ፦ ስለ ሾንኬ ሥነ ሕንፃ

ግዕዙ «ደብር» ሲል ተራራ ማለቱ ነው፤ ዛሬ ቃሉን የምናውቀው ግን የቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ሆኖ ነው። «አምባ»ም እንዲሁ አናቱ ሜዳ የሆነውን ተራራ፣ መሸሸጊያ ምሽጉንና የሰው መኖሪያውን ባንድ ቃል አጣምሮ ይዟል። የመርሳ ጎረቤት የሆነው የአምባሰል አገር ስሙ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። ከፍታን መርጦ መስፈር በአገራችን ቋንቋ ውስጥ ሳይቀር ሥር የሰደደ ልማድ ነውና፣ የኮረብታ መንደርን እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ለመሔስ የሚነሣ ጸሐፊ ናሙና ፍለጋ የቶስካናን ኮረብታዎች መውጣት አያስፈልገውም። ከመርሳ ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ መድረስ ይበቃዋል። (በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመበትን ውጫሌን እግረ መንገዱን ማየቱ ባይከፋም።)

ሾንኬ ከከሚሴ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በዳዋ ጨፋ ወረዳ ከኮረብታ አናት ላይ የተሠራ የአርጎባ መንደር ነው። የአካባቢው ትውፊት ዕድሜውን ወደ 900 ዓመት ያደርሰዋል። የቤቶቹ ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ነባሩ ጣራ ደግሞ በእንጨት ርብራብ ላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ጣራ ነው። ቤቶቹ ተዳፋቱን ተከትለው ተቀራርበው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ከሩቅ ለሚመለከታቸው የኮረብታው ዐለት ራሱ በርና መስኮት ያወጣ ይመስላሉ።

ይህ መመሳሰል የብዙ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ልብ ማርኳል፤ የብዙዎችንም ሥራ አበላሽቷል። ስለ ሾንኬ የሚታተሙ ሥዕሎችና ጽሑፎች በአብዛኛው መንደሩን እንደ ተፈጥሮ ድንቅ እንጂ እንደ ሰው ሥራ አያዩትም። «ጥንታዊ»፣ «ምስጢራዊ»፣ «ጊዜ የረሳው» የሚሉት ቃላት ይደረደራሉ። ግንበኛው የለም፤ ውኃ ቀጂዋ የለችም፤ ካለችም ለቀለም ማድመቂያ ትቆማለች። ይህ ቅርጹን ከይዘቱ ነጥሎ የማየት አባዜ ነው። የሾንኬን ቅርጽ የወሰነው ውበት ፍለጋ ብቻ አልነበረምና። ከታች የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ አለ፤ ቆላው ሣርና እህል ቢሰጥም ወባም ይሰጣል። በደጋውና በአፋር ሜዳ መካከል የሚመላለሰው ንግድ፣ አርጎባዎችም የታወቁበት ሙያ፣ መንገድን ከላይ ሆኖ ማየት ለሚችል ይመቻል፤ ዘመቻ ሲመጣም ኮረብታው ምሽግ ነው። ቤት ከቤት መጠጋጋቱም የሚታረሰውን መሬት ከመብላት ያድናል። ዓይን የሚማርከው ውበት ከዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ የወጣ ነው።

ሾንኬን ያቆመው ሌላው ምሰሶ ትምህርት ነው። ነፍሱን ይማረውና የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ 19ኛው ምዕተ ዓመት የወሎ እስልምና ባሳተመው መጽሐፍና በሌሎች ጥናቶቹ የሾንኬውን ሱፊ ሊቅ የሼህ ጀውሀር ኢብን ሐይደርን ዝና ለንባብ አብቅቷል። በየጁ፣ በሀብሩ ምድር የዳናን የትምህርት ማዕከልነት የሚያውቅ የመርሳ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሼህ ያለበት ኮረብታ ደረሳ ይጠራል፣ ደረሳ ደግሞ ማደሪያና ቀለብ ይሻል። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። በብዙ ስፍራ አርጎባው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲሆን፣ በሾንኬና በጎረቤቷ በጦለሃ ግን አርጎብኛ ሳይጠፋ ቆይቶ አንድ ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2010 የሰዋስው መጽሐፍ ለማሳተም አስችሎታል። ድንጋዩን ብቻ የሚቀርጽ ካሜራ ይህን አይሰማም።

ነዋሪውን ትቶ ቤቱን መውደድ ምን እንደሚያስከትል ኢጣልያውያን አሳይተውናል። የማቴራ ከተማ ነዋሪዎች ከዐለት ተፈልፍለው በተሠሩ ቤቶች ከከብቶቻቸው ጋር በድህነት ሲኖሩ የአገር ኀፍረት ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ መሠረትም 15 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ አዲስ ሰፈሮች ተዛወሩ። ሰው የለቀቀው ያው ዋሻ በ1993 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ2019 ማቴራ የአውሮፓ የባህል መዲና ተብላ ተከበረች። ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባለው የኮረብታ መንደር ደግሞ ከ2013 ጀምሮ መግቢያ ታስከፍላለች፤ ቋሚ ነዋሪዎቿ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መንደርነቷ ቀርቶ ትርዒት ሆናለች ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከእኛም ዘንድ ምሳሌው አልጠፋም። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የዓለም ዓይን ያረፈው በዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ነው። በዙሪያቸው የነበሩት ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤቶች ግን የዚያው ሕዝብ የግንብ ጥበብ ሆነው ሳለ የአጃቢነት ቦታ ብቻ ተሰጣቸው። ኋላም በአቅራቢያው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ኩራኩር ወደ ተባለው ሰፈር ተዛውረዋል። ቅርሱን ከጉዳት መጠበቅ ተገቢ መሆኑን ይህ ጸሐፊ አይክድም፤ በደጁ ቅዳሴ ሲሰማ የኖረን ጎረቤት ማራቅ ግን ከጥበቃው ወጪ ጋር ሊመዘን የሚገባው ኪሳራ ነው።

ወደ ሾንኬ ስንመለስ የሚያከራክረው ቆርቆሮ ነው። በአፈሩ ጣራ መካከል ቆርቆሮ ብቅ ባለ ቁጥር ጎብኚው ያዝናል፤ ባለሙያውም «ቅርሱ ተበላሸ» ይላል። በዓይን ፍርድ ልክ ናቸው፤ የሚያብለጨልጨው ክዳን የኮረብታውን መልክ በእርግጥ ይሰብራል። ነገር ግን የአፈር ጣራ ወፍራም እንጨት ይፈልጋል፤ እንጨቱም እንደ ቀድሞው ከቅርብ አይቆረጥም። ዝናብ በመጣ ቁጥር መደልደልና መጠቅጠቅ ይፈልጋል፤ ለዚህም ደቦ የሚወጣ ጉልበት ያሻል። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ከወረደ ማን ይደልድል? ቆርቆሮ የገዛችው ባልቴት ከዝናብ ለመዳን እንጂ ቅርስ ለማጥፋት አልተነሣችም። «ቆርቆሮ አይግባ» የሚል መመሪያ ከመውጣቱ በፊት የርብራቡን እንጨትና የደልዳዩን የቀን ሒሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጻፍ አለበት። ውኃ ወደ ኮረብታው ካልወጣም ሰው ወደ ውኃው መውረዱ አይቀርም።

ሠዓሊዎቻችንና ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን እስከዚያው የሚሠሩት አለ። የአንድ ቤት ጣራ ሲደለደል ከመጀመሪያው ግንድ እስከ መጨረሻው የአፈር ቅርጫት ደረጃ በደረጃ ይነሣ፤ ማዕዘኑን ያሠረው ግንበኛ በየትኛው ድንጋይ እንደ ጀመረና ለምን እንደ መረጠው ይጠየቅ፤ መልሱም በራሱ በአርጎብኛ ተቀድቶ ከሥዕሉ ጎን ይቀመጥ።