የቁስ ጠባይና የሠንጠረዥ ትምህርት

በፊዚክስ ትምህርት ቁሶችን «አስተላላፊ» እና «ኢ-አስተላላፊ» ብሎ መክፈል የተለመደ ነው። ክፍፍሉ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ጠባይ የማይለወጥ ዕጣ ሆኖ ሲቀርብ ግን ተማሪውን ያሳስታል።

ድርብርብ ኦክሳይዶች ጉድለቱን በግልጽ ያሳያሉ። ላንታነም፥ ስትሮንሽየምና መዳብ ያሉበት አንድ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት የሚያስተላልፈው ከ25 ኬልቪን ገደማ በታች ነበር። የአቶሞቹ ርቀት ጠበብ ባለ መደብ ላይ በስስ ሽፋን ሲሠራ ወሰኑ ወደ 49 ኬልቪን ከፍ እንደሚል በ1998 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ካልሲየም ሩተኔት ደግሞ ኢ-አስተላላፊ ነው፤ ሆኖም ከከባቢ አየር 5000 እጥፍ ያህል በሆነ ግፊት ሲታመቅ አስተላላፊ ይሆናል፤ እጅግ ሲቀዘቅዝም እንደ ብረት ማግኔትነትን ያሳያል። በሁለቱም ዘንድ አቶሞቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው አቀማመጣቸው ነው።

ይህን ለዱርቤቴ ተማሪ ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያሻም። የክራር ጅማት ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፤ ጅማቱ ግን ያው ነው። ይሁንና መምህሩ የምሳሌውን ወሰን ሊገልጽ ይገባዋል፤ በክራሩ የሚለወጠው ንዝረት ሲሆን፥ በኦክሳይዱ የሚለወጠው የኤሌክትሮኖች አካሄድ ነውና።

ስለሆነም የመርሐ ትምህርት አዘጋጆች ሠንጠረዡን እንደያዙ፥ «በምን ሁኔታ?» የሚለውን ጥያቄ ከጎኑ ሊያሰፍሩ ይገባል።