የናሱ ኒያላና የብሩ ኒያላ

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረ ሰው በመጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የትኛውን ዓይነት ልምረጥ የሚለው ነው። ሁሉንም ልያዝ ያለ ሰው ሣጥኑን ይሞላል እንጂ ስብስብ የሚባል ነገር አይወጣውም። ምርጫ የሌለበት ክምችት የጎተራ ሥራ ነው፤ ስብስብ ግን የዓይንና የዕውቀት ሥራ ነው። በመሆኑም እንደ ማናቸውም የጥበብ ሥራ ምን እንዳካተተና ምን እንደ ተወ እየታየ ሊሔስ ይገባዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሒስ የባሌ ደጋ ጥሩ መፈተኛ ነው። በሮቤ ወይም በጎባ ተቀምጦ መሰብሰብ ለሚፈልግ ሰው በእጁ ያለው ምርጫ ከብዙዎች ግምት የሰፋ ነውና።

ብዙ ጀማሪ በቅድሚያ እጁን የሚዘረጋው ወደ ጠገራ ብር ነው። በዚህ ሊወቀስ አይገባም። የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺሕ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። መዳፍ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ፣ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ራሱን ያስተዋውቃል። የቀድሞው ነጋዴ የንግሥቲቱን የዘውድ ዕንቁና የትከሻ ጌጥ ሳይመረምር አይቀበለውም ነበር። ዳሩ ግን ይህ ብር ለሰብሳቢ አንድ ትልቅ እንቅፋት አለበት፤ ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ከሞተች በኋላ ቪየና ማተሟን ቀጠለች፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ያንኑ መልክ ያንኑ ዓመት እያስቀመጡ አትመዋል። ዐሥር ጠገራ የደረደረ ሰው፣ የልዩ ባለሙያ ዓይን ከሌለው በቀር፣ አንዱን ሳንቲም ዐሥር ጊዜ ደረደረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ጠገራ የቀይ ባሕር ንግድ ሁሉ ገንዘብ ስለ ነበር ስለ ባሌ የሚናገረው ስለ ከፋ ወይም ስለ የመን ከሚናገረው አይለይም። አብዛኛውም ከአንጥረኛው ምድጃ አላመለጠም። እንደ ገንዘብ የነበረውን ሥልጣን ያጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነው።

የአክሱም ሳንቲሞችን የሚመኝም አይጠፋም። ይህ ምኞት ግን ገና ከመነሻው ቢገታ ይሻላል። ከእንዱቢስ ዘመን ጀምሮ የታተመው የአክሱም ሳንቲም ትርጉሙን የሚያገኘው ከተገኘበት አፈር ጋር ነው፤ ያለ አፈሩ የወጣ ሳንቲም ለታሪክ ጸሐፊ ግማሽ ምስክር ሲሆን፣ ለገዢው ደግሞ ሐሰተኛ የመሆን ዕድሉ ብዙ ነው።

ታሪክን በቅርጽ ማየት ለሚወድ ሰው ከሁለቱም የተሻለ ምርጫ 1936 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ 25 ሳንቲሙ ነው። በመጀመሪያ ክብ ነበር። አጭበርባሪዎች የብር ቀለም እየቀቡ ከብር በተሠራው የ50 ሳንቲም ስም ማሳለፍ ስለ ጀመሩ ጠርዙ ሞገድ መሰል ሆኖ እንደገና ታተመ። ክቡንና ባለ ሞገዱን አጠገብ ላጠገብ ያስቀመጠ ሰው አንድ ሙሉ የገበያ ታሪክ ያለ ጽሑፍ ይነግራል።

ለባሌ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ 1969 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር በዚያ ዓመት ገንዘቡ ሲለወጥ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ከሳንቲሞቹ ላይ ተነሣ፤ በምትኩ በአንዱ ገጽ የአንበሳ ራስና በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት ተቀረጸ። በጀርባቸው ያለው ሥዕል የዘመኑን መንፈስ በግልጽ የሚያሳይ ነው። ባንዱ ሳንቲም ላይ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ በሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ በሃምሳው ላይ የሕዝብ ስብስብ አለ። አራቱ መፈክር ይናገራሉ። በመካከላቸው የተቀመጠው ዐሥር ሳንቲም ግን ምንም መፈክር የለውም፤ በላዩ ያለው የደጋ አጋዘን፣ ማለትም ኒያላ ነው።

ይህ ልዩነት ከተራ ጌጥነት ያለፈ ነው። ኒያላ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ፣ ያውም ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባሉት የባሌ፣ የአርሲና የምዕራብ ሐረርጌ ደጋዎች ነው። የሳይንስ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን የባሌ ከብት አርቢ ግን ከዚያ አስቀድሞ ገደምሳ እያለ ሲጠራው ኖሯል። ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የሚጓዝ መንገደኛ ዲንሾ አካባቢ የጋይሳይን ሜዳ ሲያቋርጥ ከአውቶቡሱ መስኮት መንጋውን ሊያይ ይችላል። በዚያ መንገደኛ ኪስ ውስጥ ለዓመታት ሲንሿሿ የኖረው ናስ ያንኑ እንስሳ ይዞ ነበር። ስንቱ መንገደኛ ሁለቱን እንዳገናኛቸው ማን ያውቃል! በከተማ ኒያላ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው የሲጋራውን ፓኮ ነው።

በሥዕል ረገድ ሲመዘን ቀራጩ የተሰጠው ቦታ 23 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። የኒያላ መለያ ከሆኑት ነገሮች ውስጥ በዓይኖቹ መካከል ያለው ነጭ መስመርና በጎኑ ያሉት ነጠብጣቦች የቀለም ነገር ናቸው፤ ናስ ላይ ሊወጡ አይችሉም። ስለዚህ ማንነቱን የመናገሩ ሸክም በቀንዱ ላይ ወደቀ። ኒያላ ቀንዱ የሚጠመዘዘው ከቆላው አጋዘን ባነሰ ዙር ነው። ሁለቱን የሚያውቅ የጋይሳይ ጥበቃ ሠራተኛ የቀራጩን ሥራ ከአዲስ አበባ ሐያሲ በተሻለ ይመዝናል። የኒያላ እንስት ቀንድ ስለሌላት ሳንቲሙ የመንጋውን ግማሽ ብቻ እንደሚያሳይም ይኸው ሰው ሳይነገረው ያስተውላል። ሰብሳቢ የሚመርጠው ዓይነት ዓይኑ ሊፈርድበት የሚችለውን ዓይነት መሆን አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ኒያላ አለ። የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ከልዩ ልዩ አገሮች ጋር ባዘጋጀው ተከታታይ ውስጥ ኢትዮጵያ 1970 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሦስት መታሰቢያ ሳንቲሞች አሏት፤ ባለ 10 ብሩ ላይ አጥንት ሰባሪው ጥንብ አንሣ፣ ባለ 25 ብሩ ላይ ኒያላ፣ ባለ 600 ብሩ ወርቅ ላይ ዋልያ። ባለ 25 ብሩ ከብር የተሠራ ነው፤ ሰፊ ሰሌዳ አለው፤ ኅትመቱ ንጹሕ ነው። በዋጋና በብርቅነት ዐሥር ሳንቲሙ አጠገቡ አይደርስም። የዋጋ ዝርዝር የሚያነብ ሰብሳቢ ያለ ጥርጥር ይህንን ይመርጣል፤ ዓላማውም እንስሳትን መጠበቅ ነበርና በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ የብሩ ኒያላ በጎባ ገበያ ጨው አልገዛም፤ በመቀነት ጫፍ አልተቋጠረም፤ የተማሪ እጅ አላላበውም። የታተመው ለሰብሳቢ ስለ ሆነ ሰብሳቢው የሚያገኘው የራሱን ምኞት ነው። የናሱ ኒያላ ግን ሌላ ሥራ ሲሠራ ኖሮ ነው ወደ ሣጥን የሚገባው። የተፋቀው ቀንዱና የጠቆረው ጠርዙ በካታሎግ ቋንቋ ጉድለት ይባላሉ፤ በባሌ ለተጀመረ ስብስብ ግን እነዚህ የሳንቲሙ የሥራ መዝገብ ናቸው። እዚህ ላይ ካታሎጉ ተሳስቷል ማለት ይቻላል። አንድ ያልተነካና አንድ የተፋቀ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የመጀመሪያው የቀራጩን፣ ሁለተኛው የገበያውን ድርሻ ያሳያሉ።

ጊዜውም ምርጫውን አጣዳፊ ያደርገዋል። በ2002 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ያለበት የአንድ ብር ሳንቲም በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ በዋጋ ንረትም ምክንያት፣ ዐሥር ሳንቲም ከዕለት ግብይት ወጥቷል። ማንም ስለማይፈልገው ማንም አይጠብቀውም፤ በየመሳቢያው ተረስቶ ከቁልፍና ከምስማር ጋር ይጣላል። ሜዳው ላይ ያለው ኒያላ እንኳ ጠባቂ አለው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የርካሽ ሳንቲም ጠባቂ ሰብሳቢው ብቻ ነው።

ዐሥር ሳንቲምን የመረጠ ሰው ሥራው በአንድ ቁራጭ አያልቅም። 1969 የሚሉት ሁሉ አንድ አይደሉም፤ አንበሳውን አገላብጦ የአገጩን ጢም በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ከአንድ በላይ ቅርጽ እንዳለ ይደርስበታል። ለሰብሳቢዎች ተለይቶ በመስተዋት መሰል ገጽ የታተመም አለ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ያለውን ዓመት የያዙት ደግሞ ሥዕሉን ሳይለውጡ የቀጠሉ ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ብረት ላይ ናስ የተለበጠባቸው ይገኛሉ። በመልክ አይለዩም፤ ማግኔት ሲጠጋ ግን የኋለኛው ኒያላ ይሳባል፣ የቀድሞው ካለበት አይነቃነቅም።