ስለ ቅባት የሚሰጠው ምክርና የጾም ድስት

ስለ ቅባትና ስለ ልብ በሽታ በከተማችን ብዙ ይነገራል። በካዛንቺስ ክትፎ ቤት የሚመገበው የቢሮ ሠራተኛ ቅቤና ጮማ እንዲቀንስ ይመከራል። በቂርቆስ ጠባብ ግቢ የምትኖረው እናት ደግሞ «የሚረጋ ዘይት በደም ሥር ውስጥም ይረጋል» ሲባል ትሰማለች። ሌላው ወገን «ጾማችን ይጠብቀናል» ብሎ ይጽናናል። እነዚህ ሦስት አነጋገሮች እያንዳንዳቸው ጥቂት እውነት አላቸው። እኛ ግን ሦስቱም ዋናውን ጥያቄ እንደ ዘለሉት ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንለይ። በሳይንስ ቋንቋ ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት የካርቦን ሰንሰለቱ በሃይድሮጅን የተሞላ ስለሆነ በቀዝቃዛ ቤት ይረጋል። ቅቤ፣ ጮማና የፓልም ዘይት በዚህ ቅባት የበለጸጉ ናቸው። ጉዳቱ ግን በድስት እንደሚረጋው በደም ሥር ስለሚረጋ አይደለም፤ የተበላ ቅባት ተፈጭቶና ተለውጦ ነው ወደ ደም የሚገባው። ይህ ቅባት ሲበዛ ጉበት ኤል ዲ ኤል የተባለውን የኮሌስትሮል ተሸካሚ ከደም የማንሣት ኃይሉ ይቀንሳል፤ በደም የቀረውም በብዙ ዓመታት ውስጥ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይከማቻል።

በዚህ ጉዳይ ሊቃውንት አንድ ቃል አልተናገሩም። አሜሪካዊው አንሰል ኪስ በ1958 በሰባት አገሮች የጀመረው ጥናት፣ የሚረጋ ቅባት አብዝተው የሚበሉ ሕዝቦች በልብ በሽታ አብዝተው እንደሚጠቁ አመለከተ። ነቃፊዎቹ ሕዝብን ከሕዝብ ማስተያየት ብቻውን ምክንያትን አያስረዳም አሉ፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው። በ18 አገሮች ከ135,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ውጤቱ በ2017 የታተመው ፒዩር የተባለው ጥናትም፣ ከፍ ያለ የሞት ቁጥር ያየው ቅባት በሚያበዙት ሳይሆን ካርቦሃይድሬት እጅግ በሚያበዙት ላይ ነበር። የ2020 የኮክሬን ግምገማ ግን የሰው ሙከራዎችን አሰባስቦ፣ የሚረጋ ቅባትን መቀነስ የልብና የደም ሥር አደጋን ከመቶ 17 ያህል እንደሚያጎድል አገኘ፤ በጠቅላላው የሞት ቁጥር ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አላየም። ከዚህ ሁሉ ክርክር የምንቀስመው ቁም ነገር የተቀነሰው ቅባት በምን ይተካል የሚለው ጥያቄ ነው። በፈሳሽ የአትክልት ዘይት ቢተካ ጥቅም አለው፤ በነጭ ዳቦና በስኳር ቢተካ ግን ትርፉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ምክሮቹ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ የሚረጋ ቅባት ከቀኑ ጠቅላላ ኃይል ከመቶ 10 እንዳይበልጥ መክሯል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ያህል ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የነጠረ ቅቤ ይህን ልክ ያልፋል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የፓልም ዘይትም ግማሹ ያህል የሚረጋ ቅባት ስለሆነ ወደ 20 ግራም ይደርሳል። ያው ልክ የሱፍ ዘይት ግን ከአምስት ግራም አያልፍም። እንግዲህ ቅቤን ነቅፎ ስለ ዘይቱ ዐይነት ዝም የሚል ምክር ግማሽ ምክር ነው። ዘይቱን መርዝ ብሎ ቅቤን የአባቶች ምግብ ነውና አይጎዳም የሚለውም እንዲሁ ነው።

ስለ ጾሙ የሚነገረው ከሁሉ ይልቅ ምርመራ ይሻል። በቀርጤስ ደሴት በኦርቶዶክስ ጿሚዎች ላይ የተደረገና በ2003 የታተመ ጥናት፣ በጾም ወራት የደም ኮሌስትሮል ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ይህን ይዘው የእኛም ጾም ልብን ይጠብቃል የሚሉ አሉ። ነገር ግን በቀርጤስ ድስት ውስጥ ያለው የወይራ ዘይት ነው። እኛ ዘንድ ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል ሲጾሙ ቅቤው ከድስቱ ይወጣል፤ ሽሮውና ምስሩ የሚቁላላው ግን በዘይት ነው። ያ ዘይት የፓልም ከሆነ፣ በጾሙ የወጣው የሚረጋ ቅባት በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ጾሙ ሥጋና ቅቤን ከለከለ እንጂ የዘይቱን ዐይነት አልመረጠም።

ዘይቱን የመረጠው ማን ነው? መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ተመን ካወጣ ወዲህ፣ ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት ለዓመታት በተተመነ ዋጋ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል ነበር። ዓላማው ድኻውን መርዳት ነበርና አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ በአንድ ሰፈር ሁለት ዐይነት ሰው ተፈጠረ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽም በ1961 በአጠገቡ ተሠርቷል። ከትልልቆቹ ሕንጻዎች ጀርባ ግን የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ክትፎ በላተኛው የሚረጋውን ቅባት ወዶ ይበላል፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪዋ ግን በወረፋ የደረሳትን ትቀበላለች። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ሰፈሩ ቢለወጥም የድስቱ ጥያቄ ከእነርሱ ጋር ሄዷል። ለእንዲህ ያለ ቤተ ሰብ «ዘይት ለውጡ» ማለት ምክር ሳይሆን ወቀሳ ነው።

«አገሩ ገና ከምግብ ጉድለት ሳይወጣ ስለ ቅባት መብዛት መናገር ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በርግጥ በ1958 በኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ምግብ ጥናት የተነሣው ስለ ጥጋብ ተጨንቆ አልነበረም፤ ዛሬም ቅባት የሚያንሰው ሕፃን አለ። ነገር ግን በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳላቸው አሳይቷል። ጉድለትና ብዛት በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ። ደግሞም እኛ የምንለው ዘይት ይቀነስ ሳይሆን የተሻለ ዘይት ይቅረብ ነው።

ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን የሚበቅለው የኑግ ዘይት ከመቶ 70 ያህሉ ሊኖሌይክ የተባለው የማይረጋ ቅባት ነው። ንጽሕናው በቁጥጥር ቢረጋገጥና ዋጋው ለድኻ ቢደርስ፣ ክፍያውን ከውጭ ለሚመጣ ዘይት ከማድረግ ለገበሬው ማድረግ ይቻላል። ከእኛ ከተማሪዎች የሚፈለገው ደግሞ የውጭ አገር ሰንጠረዥ መገልበጥ አይደለም። በቂርቆስ ቤቶች በጾምና በፍስክ ድስት ውስጥ የሚገባውን ዘይት መለካት፣ ዐይነቱን መመዝገብ፣ ዋጋውንም መጠየቅ ነው። ይህ ሳይደረግ «ቅባት ቀንሱ» የሚለው ምክር የሚደርሰው መምረጥ ለሚችለው ሰው ብቻ ነው።